ዓሣ ለምትወዱ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ሐምራዊ ዓሣ እያሳያችሁ «ጋሼ፣ ይሄ ሐዋሳ ሐይቅ ቢገባ ይኖራል?» ትሉኛላችሁ። አይኖርም። የጨው ውሃ ዓሣ ነው፤ እዚህ ቢለቀቅ ሳይቆይ ይሞታል። ጥያቄያችሁን ግን ወድጄዋለሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት በዓሣ ሥራ ነውና ትንሽ ልምከራችሁ።

ከቀለሙ በፊት ቤቱን እዩ። ዓሣው ዶቲባክ ከሚባሉት ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፕስዩዶክሮሚስ ፍሪድማኒ ነው፤ የተሰጠውም በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገኘው ቀይ ባሕር ብቻ ነው፤ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ርዝመቱ ከጣት ብዙም አይበልጥም። ውሎው ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ውስጥ ባለ ስንጥቅና ጥላ ሥር ነው። ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ያንከባልላል፣ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ሲያልፉ ተስፈንጥሮ ለቀም፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚውጠው፣ ጥልቅ ቦታ ላይ ያለ መብራት ብታዩት ሰማያዊ ይመስላችኋል። ቪዲዮው ላይ ያን ያህል ያሳመረው የጠላቂው መብራት ነው።

ሮያል ግራማ የሚባለው የካሪቢያን ባሕር ዓሣም የዋሻ ልጅ ነው። ፊቱ ሐምራዊ፣ ኋላው ቢጫ። ከዋሻ ጣሪያ ሥር ሲሆን ሆዱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ተገልብጦ ይዋኛል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዶቲባክ አባት ነው። ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ተጣብቆ ኳስ የመሰለውን እንቁላል ዋሻው ውስጥ የሚጠብቀው ወንዱ ነው። እስኪፈለፈል ዝር የሚልን ያባርራል። አሁን ደግሞ በማለዳ ወደ ሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱ። አሣ አጥማጁን አስፈቅዳችሁ የሴት ቆሮሶ (ቲላፒያ) አፍ ከፈት አድርጉ። ከቀናችሁ ቢጫ እንቁላል ታገኛላችሁ። እሷ በአፏ ነው የምትይዘው። እዚያ አባት፣ እዚህ እናት፤ ለምን? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ እንዲህ ካለው ጥያቄ ተነሱ። ስለ ሻርክ ከኢንተርኔት ገልብጦ ከማቅረብ አሥር እጅ ይሻላል።

አኳሪየም እንከፍታለን ለምትሉት፦ ዶቲባኮች ጠበኞች ናቸው፤ ሁለት ዶቲባክ ጠባብ ገንዳ ውስጥ አትክተቱ። መደበቂያ ድንጋይ ሳታዘጋጁም አትግዙ። ፍሪድማኒ በእርባታ ይገኛልና ሻጩን «ከእርባታ ነው ከባሕር?» በሉት። ከተንተባተበ ትታችሁት ሂዱ። የሰለቻችሁን ዓሣ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቁ። የጨው ውሃው ይሞታል፤ ሌላው ግን ሊራባና የቆሮሶን ምግብ ሊሻማ ይችላል።