በሩ በየት በኩል ነበር የሚከፈተው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የሥዕል ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ልታሳየኝ መጣች። ሸራው ባዶ ነው። የሥራ መግለጫዋ ግን ሦስት ገጽ ሞልቷል፤ «ማንነት» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ገብቶበታል (ቆጠርኩት፤ ሽማግሌ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ነው)። «ጋሼ፣ ማንነቴን የሚገልጽ ነገር አልመጣልኝ አለ» አለችኝ። ያን ዕለት የመለስኩላት አጭርና ሻካራ ነበር። ለእሷም ለእናንተም አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍ።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ማንነት ተገዝቶ ሸራ ላይ የሚለጠፍ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። አንድ ትልቅ ሸራ ወጥሬ «የእኛ» ይባላል ያልኩትን ምልክት ሁሉ ደረደርኩበት። ደረቴን ነፍቼ ለአስተማሪዬ አቀረብኩ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየው በኋላ «ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ ያየኸው የቱን ነው?» አለኝ። አንዱንም አላየሁም ነበር። ሁሉንም የቀዳሁት ከሌላ ሰው ሥዕል ነው። ሸራውን በነጭ ደፍኜ ሌላ ሣልኩበት።

ለተማሪዋ የሰጠኋት የቤት ሥራ የመጣው ከዚያ ነው። ያደግሽበትን ቤት በር ከትዝታሽ ሣይ አልኳት። ፎቶ አይታይም፤ ስልክ ይራቅ። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? ማጠፊያው በግራ ነው በቀኝ? ቀለሙ መጀመሪያ የተላጠው የት ጋ ነው? ጠዋት ደፉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሰፊ ነው ወይስ እንደ ክር የቀጠነ? እናንተም ሞክሩት። ሺህ ጊዜ ገብታችሁ የወጣችሁበትን በር ግማሹን እንደማታውቁት ታያላችሁ። የቀረው ግማሽ ግን ማንም ሊቀዳው የማይችል የእናንተ ብቻ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከእሱ ነው።

ቀለሙም እንደዚያው። ብዙዎቻችሁ ጥላ ስትሠሩ ጥቁር ቱቦ ትጨምቃላችሁ። እስቲ ጥቁሩን ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና የሚባለውን ቡናማ ቀላቅሉ፤ ግራጫ ይወጣችኋል። ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። በሁለቱ መሃል ስንት ዓይነት ግራጫ እንዳለ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጨርሼ አላየሁትም። የቤታችሁ ጥላ የትኛው ነው? ይህን የሚመልስ ሰው ስለ ማንነቱ ሦስት ገጽ መጻፍ አያስፈልገውም።

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ ሕይወቱን ያሳለፈው በቦሎኛ ከሦስት እህቶቹ ጋር ነው። የሚተኛበትም የሚሥልበትም ክፍል አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 እስኪሞት ድረስ እነዚያኑ ጠርሙሶችና ማሰሮዎች እያቀያየረ እየደረደረ ሣላቸው። ማንጸባረቃቸው ሲያስቸግረው ጠርሙሶቹን ራሳቸውን ቀለም ይቀባቸው ነበር። መነሳሳት ፍለጋ አገር ለአገር መዞር አለብኝ የሚል ልጅ ሲያጋጥመኝ እነዚያን ጠርሙሶች አሳየዋለሁ።

መራቅ አይጠቅምም እያልኩ ግን አይደለም። ኩባዊው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ ስፔን ሄዶ፣ ከዚያም ፓሪስ ቆይቶ አገሩ የተመለሰው በ1941 ነው። ትልልቅ ከሚባሉት ሥራዎቹ ዋናውን፣ በሸንኮራ አገዳ የተሞላውን «ጫካው»ን የሠራው ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነበር። የሸንኮራ አገዳው ድሮም እዚያው ቆሞ ነበር፤ የተለወጠው የእሱ ዓይን ነው።

የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹን «ይሄ የእኛ አይደለም» ያሉት ነበሩ። ያው ሰው ግን ስለ አገር ናፍቆት በአማርኛ ከተጻፉት ግጥሞች በሰው አፍ ላይ ከቀሩት አንዱን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1981 የሞተውም በስደት፣ አሜሪካ ነው። «የአገሩ ልጅ አይደለም» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ እሱን አስቡ። እኔ በበኩሌ ሥዕልን መታወቂያ የሚጠይቅ ተመልካች አይመቸኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ቤት ሁሉ አይናፈቅም። በሩ ሲንኳኳ ልባቸው ይደነግጥ የነበሩ ልጆች አስተምሬያለሁ። በየሁለት ዓመቱ ቤት ሲቀይሩ አድገው የትኛውን በር እንደሚሥሉ ግራ የገባቸውም አሉ። ከእናንተ እንዲህ ያለ ካለ ማንም የማስገደድ መብት የለውም። ሻንጣውን ይሣል። የሻንጣውን ዚፕ ይሣል። ወይም ቤት የሚባለውን ነገር ጭራሽ ትቶ አንድ ሎሚ ይሣል፤ ዓይኑ ያው የራሱ ነው።

ስለ መነሳሳት ብዙ የምለው የለኝም። «ሙዱ የለኝም» የምትሉበት ቀን ብሩሽ እጠቡ፣ ሸራ ወጥሩ፣ እርሳስ ቅረጹ። እጅ ሥራ ከያዘ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ተከትሎት ይመጣል፤ ባይመጣም ብሩሹ ታጥቧል። ስልክ ላይ የሌላ ሰው ሥራ እያዩ ሲመሽ ግን ያ ዕረፍትም ሥራም አይደለም።

ተማሪዋ ከሳምንት በኋላ በከሰል የሠራችውን ንድፍ ይዛ መጣች። በሩ ደኅና ነው። እጀታው ግን የሰው ጭንቅላት ያህላል። እሷም አየችው መሰለኝ «ውይ፣ ልኬቱን አበላሸሁት» ብላ ላጲስ ስታነሳ እጇን ያዝኩ። «ይህን በር ስትገፊ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አልኳት። አሰብ አደረገችና መዳፏን አግድም ዘርግታ ከግንባሯ ፊት አቆመችው። «አራት፣ አምስት... እጀታው እዚህ ጋ ነበር» አለች።

ላጲሱ ኪሷ ተመለሰ። ትናንት ስትደውልልኝ ቀለም ጀምራለች። አሁን የቸገራት ከእጀታው ሥር ያለው ጥላ ነው፤ ሰማያዊው በዝቶባታል።