የጤና ኢንሹራንስ መረጃችን ከተሰረቀ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በሕክምና ሒሳብ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ስለቆየሁ፣ ከኢንሹራንሳቸው «መረጃዎ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ወገኖች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ሕጎችና መሥሪያ ቤቶች የአሜሪካ ናቸው።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው የክሬዲት ካርድ ቁጥሬ እንዳልተወሰደ ይገልጻል። ታዲያ ምን ያሰጋኛል?

መልስ፦ የተሰረቀው ካርድ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ባንኩ የድሮውን ዘግቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ ይልክልዎታል። መንግሥት የሚሰጠው መለያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይቀየርም፤ የትውልድ ቀንማ ጨርሶ አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. አንተም (Anthem) ከተባለው የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያ የ79 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የአባልነት መለያና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በተዘረፈ ጊዜም ኩባንያው የካርድ ቁጥር እንዳልተነካ አስታውቆ ነበር። ሆኖም በእነዚህ መረጃዎች ብቻ በሰው ስም ብድር መውሰድ፣ የግብር ተመላሽ መጠየቅና መታከም ስለሚቻል፣ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ ሊያዘናጋዎት አይገባም።

ጥያቄ፦ ኩባንያው ለሁለት ዓመት ነፃ የክሬዲት ክትትል ሰጥቶኛል። አይበቃኝም?

መልስ፦ ይቀበሉት፤ ግን አይመኩበት። ክትትል ማለት ሌባው ከገባ በኋላ የሚጮህ ደወል ነው። በሩን የሚዘጋው በተለምዶ ፍሪዝ የምንለው የክሬዲት እገዳ ሲሆን፣ እሱም አበዳሪዎች የክሬዲት ታሪክዎን እንዳያዩ ስለሚከለክል አብዛኞቹ በስምዎ አዲስ ብድር ከመፍቀድ ይቆጠባሉ። እገዳው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሰዎችን የክሬዲት ታሪክ የሚይዙትን ሦስት ድርጅቶች፣ ኢክዊፋክስን፣ ኤክስፔሪያንንና ትራንስዩኒየንን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጋ ማሳገድ ሌሎቹን አያግድም። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይታገዳል፤ ቤት ወይም መኪና ለመግዛት ሲፈልጉም በጠየቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሣል። የክሬዲት ነጥብዎን አይቀንስም። ሁለቱ ዓመት አልፎ ክትትሉ ሲያበቃ የተሰረቀው ቁጥር አሁንም የእርስዎ ቁጥር ስለሆነ፣ እኔ እገዳውን ዘላቂ አድርገው እንዲይዙት አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ሰው በእኔ ኢንሹራንስ ቢታከም በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ የክሬዲት እገዳ ይህን ጉዳት አያስቆምም። ከሕክምና በኋላ ኢንሹራንሱ የሚልከውና «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» የሚል የተጻፈበት ዝርዝር አለ። ብዙዎቻችን ያንን ዓረፍተ ነገር አይተን ወረቀቱን እንጥለዋለን። እባክዎን አይጣሉት፤ የሐኪሙን ስም፣ ቀኑንና የተሰጠውን አገልግሎት ያመሳክሩ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ሁለት የጉልበት መደገፊያ እንደተሰጠኝ ተጽፎ አገኘሁ። ጉልበቴን ታምሜ አላውቅም፤ የተጠቀሰው ቀን ደግሞ ሥራ ላይ የዋልኩበት ቀን ነበር። ክፍያው እስኪሰረዝ ድረስ አራት ወር ፈጀ። የረዳኝ የደወልኩበትን ቀን፣ ያነጋገረኝን ሠራተኛ ስምና የጉዳዩን ቁጥር በደብተር መመዝገቤ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ የሌባው የደም ዓይነት ወይም የመድኃኒት አለርጂ በእርስዎ የሕክምና መዝገብ ላይ የመስፈሩ ጉዳይ ነው፤ ድንገት ራስዎን ስተው ሆስፒታል ቢገቡ ሐኪሙ የሚያምነው ያንን መዝገብ ሊሆን ይችላል። ሂፓ በተባለው ሕግ መሠረት የመዝገብዎን ቅጂ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ተቋሙም እንደ ደንቡ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥዎት ይገባል። የተሳሳተ ነገር ካገኙ እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴን «ከኢንሹራንሱ ነን፤ ስለ ስርቆቱ ልንረዳዎት ነው» ብለው ደወሉላት። እውነት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሐሰት ነው ብለው ይነሡ። በአንተም ኩባንያ ዝርፊያ ጊዜም አጭበርባሪዎች ወዲያው የሐሰት ኢሜይል መላክ ስለጀመሩ፣ ኩባንያው ስለ ጉዳዩ የሚያሳውቀው በፖስታ እንደሆነና በስልክ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንደማይጠይቅ ለማስታወቅ ተገድዶ ነበር። የእናትዎን ስምና የአባልነት ቁጥር መጥራታቸው እምነት እንዳይፈጥርባቸው ይንገሯቸው፤ የተሰረቀው እሱው ነውና። ስልኩን ዘግተው በኢንሹራንስ ካርዳቸው ጀርባ ባለው ቁጥር ራሳቸው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ የልጆቼም ስም ደብዳቤው ላይ አለ። የሰባትና የአሥር ዓመት ልጆች ናቸው።

መልስ፦ ሕጉ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ እገዳውን በነፃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ የልደት የምስክር ወረቀትና የእርስዎን መታወቂያ ቅጂ ያዘጋጁ። ሳይውሉ ሳያድሩ ያድርጉት፤ የሕፃን ክሬዲት ለዓመታት ማንም ስለማይመለከተው ስርቆቱ የሚታወቀው ልጁ አድጎ የመጀመሪያ ብድሩን ሲጠይቅ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የግብር ተመላሼን ሌላ ሰው እንዳይወስደውስ?

መልስ፦ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይ አር ኤስ ባለ ስድስት አኃዝ የማንነት መጠበቂያ ቁጥር ይጠይቁ። በየዓመቱ ይለወጣል፤ ያለ እሱ በእርስዎ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በኮምፒውተር የሚላክ የግብር ማስታወቂያ ተቀባይነት አያገኝም።

ጥያቄ፦ ያንን ኢንሹራንስ ከተውኩት ሦስት ዓመት አልፎኛል። እኔን አይመለከተኝም?

መልስ፦ ይመለከትዎታል። ኢንሹራንሶች የቀድሞ አባሎቻቸውን መረጃ ለዓመታት ያስቀምጣሉ፤ በ2015ቱ ዝርፊያም የቀድሞ አባላት ተጎጂ ነበሩ። ደብዳቤው ወደ ቀድሞው አድራሻዎ ተልኮ ሊሆን ስለሚችል፣ ኩባንያውን ራስዎ ደውለው ይጠይቁ።