ጥያቄና መልስ፦ ቀዩ ማርከር ደርቆ ይሆናል

ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች የሥዕል፣ የጽሑፍና የሙዚቃ ቡድን የምትመሩ አንባቢዎች ደብዳቤ ተከማችቶብኛል። ዛሬ የተወሰነውን ላቃልል።

«መሳል ጭራሽ የማይችል ሰው ቡድናችን ውስጥ ይግባ ወይ?»

ይግባ። የሚያስቸግረው ጎበዙ ሠዓሊ ነው፤ ሥዕሌ ይበላሽብኛል ሲል ሰዓቱ ያልቅበታል።

«የትኛው ማርከር ይሻላል?»

በውሃ የሚለቅ፣ ሽታ የሌለው። አንዳንድ ማርከር፣ ማስቲሽና የቀለም ማቅጠኛ ቶሉይንና ዛይሊንን የመሰሉ የሚያሰክሩ ኬሚካሎች አሉባቸው። ማስቲሽ ሲስብ ለኖረ ሰው ያን ሽታ ጠረጴዛው ላይ ማቅረብ ለጠጪ መለኪያ እንደ መቅዳት ነው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃም ይቅር፤ ሳሙና ምን አለው?

አንዲት አስተባባሪ ረጅም ደብዳቤ ጽፋለች። አባላቱን «በሕይወታችሁ የከፋውን ቀን ሳሉ» ትላቸዋለች። አንዱ ጠርሙስና የልጁን አልጋ ይስላል። ያለቅሳል፤ ሌላውም ይከተለዋል። «ልብ የሚነካ ምሽት ነበር» ትላለች። ሰውየው በዚያው ሌሊት ጠጣ፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። «ጥፋቱ የኔ ነው?»

ደውለሽለታል? ካልደወልሽ ይህን ማንበብ ተዪና ደውይ። «ለምን ጠጣህ» አትበይው። «ወንበርህ አለ» በይው።

መጠጣቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሱስ ጥሩ ቡድን ባለው ሰው ላይም ያገረሻል። ትእዛዙ ግን ያንቺ ነው። ጠርሙሱን የሚስል ሰው ጠርሙሱን ያየ ያህል ሐራራው ሊነሣበት ይችላል። ሐራራ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ቆይቶ ይበርዳል። የሥነ ልቦና ባለሙያው አለን ማርላት «አትታገሉት፣ እንደ ማዕበል ተሳፈሩበት» የሚል ዘዴ ያስተማረውም ለዚህ ነው። አንቺ ማዕበሉን አስነሥተሽ «ደህና እደሩ» ብለሽ በሩን ዘጋሽ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ቀን ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጽፈው ነበር። በኋላ ባሉት ወራት ሐኪም ዘንድ መሄዳቸው ቀነሰ፤ ጽፈው እንደ ጨረሱ ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። ተማሪዎቹ እንዲህ ከሆኑ፣ መጠጥ ካቆመ ሁለት ሳምንት የሆነው ሰው እንዴት ይሁን?

ስለዚህ ከባዱን ነገር ራሱ ካላመጣው አትጎትቺው። ካመጣውም በመጀመሪያው ግማሽ ይሁን። የመጨረሻው 20 ደቂቃ እጅ የሚያሠራ ቀላል ነገር ይሁን፦ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድና መለጠፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ከዚህ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚያመሽ ይናገር። ይሰለቻል፤ ይሁን።

ሰው ሲያለቅስልን ሥራ የሠራን ይመስለናል። እኔም ወድቄበታለሁ። የሥዕሉንም ትርጉም ለባለቤቱ ተዪለት። ሁሉን በጥቁር የቀባው አዝኖ ላይሆን ይችላል፤ ቀዩ ማርከር ደርቆ ይሆናል።

«አንድ አባላችን ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ኖሮ ትናንት በድንገት አቆመ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ከበሮ ብናስመታው ይረጋጋ ይሆን?»

አይረጋጋም! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠትና መደናበር አለ። ይህ ሁኔታ ሰውን ሊገድል ይችላል። «ነገ እናየዋለን» የሚሉ ከሆነ ለምን ጠየቁኝ? የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ እሱም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

«ቡድን ለመምራት ሰርተፊኬት ያስፈልገኛል?»

አብሮ ለመሳል አያስፈልግም። «ሕክምና እሰጣለሁ» ለማለት ግን ሥልጠና ይጠይቃል። ዝርዝሩን ባለሙያ ይጠይቁ።

«ሥዕሎቻቸውን ከነስማቸው ለሕዝብ ብናሳይስ?»

ባለቤቶቹን ጠይቋቸው። እሺ ካሉ ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ፣ ለየብቻ ጠይቋቸው።