ተጓዡ «አየሁ» ሲል ተመራማሪው ምን ይበል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባሕር ዳር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የውጭ አገር ተጓዦች ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በጻፉት ላይ ያተኩራል። አማካሪዬ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰርዘውብኛል። አንደኛው ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጻፍሁት፣ «ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ አገኘ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ጥናቱ ከጣና ተነስቶ እስከ ግሽ ይጓዛል» የሚል ሲሆን፣ በኅዳጉ «ጥናት አይጓዝም» ብለው ጽፈውበታል። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያው ከአማካሪዎ ጋር ነኝ። የዓባይ መነሻ ግሽ ላለበት ለሰከላ ሰው ያልጠፋ ምንጭ ተገኘ አይባልም የሚለው ሙግት እውነት ነው። ከውጭ ከመጡት መካከልም ቢሆን ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከቦታው ደርሶ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ሊቀበል አልፈለገም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። «አገኘ» ብለው ሲዘጉት ምስክሩ ብሩስ መሆኑ ይቀርና እርስዎ ይሆናሉ። ብሩስ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790፣ ከጉዞው 20 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን መካከል ትዝታ ይደበዝዛል፣ ክርክር ይገባል፣ ክብርም ይፈለጋል። ስለዚህ «ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ1770 ግሽ ዓባይ መድረሱን ይተርካል» ቢሉ የታየበትም የተጻፈበትም ዘመን በየቦታው ይቀመጣል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ጢስ ዓባይ ላይ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ከፏፏቴው ሥር ገብቶ፣ በገደሉና በሚወርደው ውኃ መካከል መቀመጡን ጽፏል። ብሩስ በበኩሉ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብሎ ሎቦን በሐሰት ከሶታል። እንግዲህ «ሎቦ ከፏፏቴው ሥር ተቀመጠ» ብለው ከጻፉ ሳይመረምሩ ለሎቦ ፈረዱ። «ሎቦ ተቀመጥሁ ይላል፤ ብሩስ አልተቀመጠም ይላል» ካሉ ግን ሁለቱም በየቃላቸው ይቆማሉ፣ ፍርዱም ለእርስዎ ይቆያል። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል «ተቀመጥሁ» እንዳለው በራሱ አንደበት ይዞ መዝለቅ መቻሉ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለምን እንደምንሸሸው አይገባኝም። በየመመረቂያ ጽሑፉ የማየው «ገልጿል» ነው። ሎቦም ገልጿል፣ ብሩስም ገልጿል! የሚገለጥ ነገር አስቀድሞ ያለ ነገር ነውና፣ ይህ ግሥ የሚጣሉ ምስክሮችን ሁለቱንም እውነተኛ ያደርጋቸዋል።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የዛሬውን ፏፏቴ በማየት መፍረድም አያዋጣም። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ተጠልፏል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮም የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በቀጥታ ይወስዳል። በመሆኑም ተጓዡ በዘመኑ «ነው» ያለውን እርስዎ «ነበር» እያሉ ማለፍ ይኖርብዎታል።

በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አማካሪዎ ጠበቅ አድርገውታል። ጥናት መነሻ አለው፣ አቅጣጫ አለው፣ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል፤ ተመራማሪም የቀደሙትን ፈለግ ይከተላል። ይህን ሁሉ ማንም አይሰርዝም። ጥናት የሚነሳና የሚደርስ ከሆነ በመካከሉ ቢጓዝ ምን ነውር አለው? የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ችግሩ ሌላ ነው። ጣናና ግሽ በእግር የሚደረስባቸው እውነተኛ ቦታዎች ስለሆኑ አንባቢ ይደናገራል፤ ሰከላ ወርደው ምንጩን አይተዋል ወይስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ስለ ምንጩ አንብበዋል? ከተጓዦቹ የምንጠይቀውን ግልጽነት ከራሳችን መንፈግ የለብንም። ሄደው ከሆነ «ግሽ ሄጄ ምንጩን አይቻለሁ» ይበሉና መቼ እንደሆነ ይጨምሩበት። ካልሄዱ «ከጣና እስከ ግሽ ስላለው አገር ተጓዦች የጻፉትን መርምሬያለሁ» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በላኩልኝ ገጽ ላይ «የዓባይ ምንጭ» እና «የታሪክ ምንጭ» በአንድ አንቀጽ ተደራርበዋል። ሁለተኛውን «የጽሑፍ ማስረጃ» ቢሉት አንባቢው አይደነቃቀፍም።