የታሸገ ውኃ ፋብሪካው ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ? ባክቴሪያና ማዕድን ማጥናት ለምትሻ ተመራቂ

ከአዳማ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ባለፈው ዓመት በአፕላይድ ባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ይዘሻል፤ በአንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ውስጥ የመቀጠር ዕድል ቀርቦልሻል፤ ልብሽ ግን ያረፈው ጥቃቅን ተሕዋስያን ማዕድናትን እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚያሟሙ በሚያጠናው በጂኦማይክሮባዮሎጂ ላይ ስለሆነ፣ ሥራውን ትተሽ በቀጥታ ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር አስበሻል። አባትሽ ደግሞ «ድንጋይ የሚበላ ተሕዋስ አጥንተሽ ማን ይቀጥርሻል?» ብለውሻል። በመጨረሻም፣ እንደ ማፈር ብለሽ፣ በኬሚስትሪ ያመጣሽው ሲ እንቅፋት ይሆንብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ ሥራውን ተቀበዪ። ይህን የምልሽ ደመወዝ ከትምህርት ይበልጣል ብዬ አይደለም፤ የአባትሽን ወገን ይዤም አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ የውኃ ላቦራቶሪ ለዚህ ሙያ ከማውቃቸው መግቢያዎች ሁሉ ላንቺ የቀረበው ስለሆነ ነው። በደብዳቤሽ ሥራውን «ጠርሙስ መቁጠር» ብለሽዋል፤ ይህ አባባል የምትወጂው ትምህርትና የናቅሽው ሥራ የት ላይ እንደሚገናኙ ገና እንዳላየሽ ስለሚያሳይ፣ ስለ ቅጥር ከማውራቴ በፊት ስለ ጉዳዩ ራሱ ልበል።

«ድንጋይ የሚበላ ባክቴሪያ» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ያምራል እንጂ ሂደቱን አይገልጽም። ተሕዋሱ ድንጋዩን አይውጠውም፤ ከማዕድኑ ኤሌክትሮን ወስዶ ኃይል ያገኛል፣ ወይም እኛ ለመተንፈስ ኦክስጅን እንደሚያስፈልገን ሁሉ እሱ በማዕድኑ ውስጥ ባለው ብረት ላይ ኤሌክትሮኑን ያራግፋል፣ አለዚያም ለራሱ ኑሮ ሲል ያመነጨው አሲድ አጠገቡ ያለውን ማዕድን ያሟሟል። የመጀመሪያው ዓይነት ስመ ጥር ምሳሌ ዛሬ አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ከድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የሚፈስሰው ውኃ አሲዳማ የሚሆንበትን ምክንያት ሲፈልጉ የባክቴሪያን እጅ ያገኙት በዚህ ፍለጋ ነው። ባክቴሪያው ፌረስ የተባለውን የብረት መልክ ወደ ፌሪክ ይለውጣል፤ ፌሪኩም በተራው ድኝ ያለበትን ማዕድን እየሸረሸረ በውስጡ የታሰረውን መዳብ ወደ ውኃው ይለቅቃል። አሲድ በበዛበት ውኃ ውስጥ ይህ የብረት ለውጥ ያለ ባክቴሪያ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ሲንገርና ስተም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ተሕዋስያን ፍጥነቱን ወደ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚያደርሱት አሳይተዋል። ዛሬ ከዓለም የመዳብ ምርት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው በዚህ ዘዴ እንደሚወጣ ይገመታል፤ በጋና ኦቡአሲም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ድኝ ባለበት (ሰልፋይድ) ማዕድን ውስጥ የተደበቀን ወርቅ በባክቴሪያ ለማስለቀቅ ትልቅ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከፈለግሽ በአፍሽ ውስጥ አለ። የጥርስ የላይኛው ሽፋን አፓታይት ከሚባል፣ ካልሲየምና ፎስፌት ካለበት ማዕድን የተሠራ ነው፤ ስኳር የሚያብላሉ የአፍ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ አውጥተው የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤች (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲያወርዱት ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ጥርሱ የተቦረቦረበት ሰው ሁሉ ይህን ትምህርት ሳይመዘገብ ተምሮታል።

ማዕድን መሥራቱ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ፤ ውኃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣለት በውስጡ የነበረው ካልሲየም በካልሲየም ካርቦኔት መልክ ይረጋል። በሐይቅ ውስጥ እሳት ሳይነድ ይህንኑ የሚያደርገው ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በብርሃን ምግቡን ሲሠራ ካርቦኑን ከውኃው ስለሚስብ ፒኤቹ ይጨምራል፣ ካርቦኔቱም በአካባቢው፣ አንዳንዴም በራሱ ገላ ላይ፣ ይረጋል። ማዕድን ለመሥራት አላሰበም፤ ማዕድኑ የኑሮው ትራፊ ነው። ዩሪያን የሚፈታው ስፖሮሳርሲና ፓስቴዩሪ የተባለው ባክቴሪያም እንዲሁ ካርቦኔት ስለሚያስረጋ፣ ልል አሸዋን ለማጠንከርና የኮንክሪት ስንጥቅ ለመድፈን ተሞክሯል።

አሁን ወደ አዳማ እንመለስ። በአካባቢሽ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውኃ የሚያልፈው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። በአፈር ውስጥ ሥሮችና ተሕዋስያን ሲተነፍሱ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከምድር ጥልቀት ከሚወጣው ጋዝ ጋር ተደምሮ፣ ውኃውን ለዘብ ያለ አሲድ ያደርገዋል፤ ያም አሲድ ድንጋዩን እየፈታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት፣ ከእነዚህም ጋር ፍሎራይድ ያስገባበታል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ፍሎራይት በሚባል ማዕድን መልክ ያስቀረው ነበር፤ ነገር ግን ካልሲየሙ አስቀድሞ በካርቦኔት መልክ ስለሚረጋ ፍሎራይዱን የሚይዘው አጥቶ በውኃው ውስጥ ይቀራል። የአንዱ ማዕድን መሠራት ሌላው እንዳይሠራ ያደርጋል ማለት ነው። ውጤቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻሽም፤ በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የደረሰው፣ ፍሎራይድ ሲበዛ የሚያመጣው የአጥንት ሕመም (ፍሎሮሲስ) ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕክምና ጥናቶች የተመዘገበ ሲሆን፣ የበለዘ ጥርስ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ያልተለመደ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይዱን ለመቀነስ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ በልዩ ሁኔታ የተቃጠለ አጥንት ማጣሪያ ነው፤ አጥንት ራሱ አፓታይት ስለሆነ ፍሎራይዱን ይዞ በውስጡ ያስቀረዋል። እንግዲህ «ጠርሙስ መቁጠር» ያልሽው ሥራ ካልሲየምን፣ ባይካርቦኔትን፣ ፍሎራይድንና ፒኤችን መለካት ከሆነ፣ የዚህ ታሪክ ቁጥሮች በሙሉ በእጅሽ ያልፋሉ።

የአባትሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። «ጂኦማይክሮባዮሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብትጠብቂ ብዙ ትቀመጫለሽ። ሙያው በአገራችን የሚኖረው በሌላ ስም ነው፤ የውኃ ጥራት ባለሙያ፣ የአካባቢ ኬሚስት፣ የአፈር ማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ፣ የማዕድን ማቀነባበሪያ ላቦራቶሪ ባለሙያ። ከእነዚህ ሰፊው በር ውኃ ነው፤ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ከተማ የሚያጠጣና ውኃ የሚያሽግ ሁሉ የሚለካለት ሰው ይፈልጋል። የማዕድን ኩባንያዎች ከባዮሎጂ ተመራቂ ይልቅ የኬሚካል መሐንዲስ ሲመርጡ አይቻለሁ፤ በዚያ በር ለመግባት ያሰበ ተጨማሪ ስንቅ ይዞ ይምጣ። በእርሻ በኩል፣ አሲዳማ በሆኑት የደጋ አፈሮቻችን ውስጥ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈቱ ባክቴሪያዎች ብዙ ይወራላቸዋል። በብርጭቆ ሳህን ላይ የሚያሳዩትን ውጤት በማሳ ላይ ሳያሳዩ የሚቀሩበት ጊዜ ግን ብዙ ስለሆነ፣ ይህን መስክ የምትመርጪ ከሆነ በማሳ የተሞከረውን እየለየሽ አንብቢ። በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተሕዋስያን ስብስብ ይጠበቃል፤ ቦታው ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ተስፋሽን በሙሉ እዚያ አታኑሪ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኬሚስትሪው ነው። በባዮሎጂና በጂኦሎጂ መካከል ያለው ድልድይ ኬሚስትሪ ነው፤ የመሟሟት ሚዛንን (ማዕድን መቼ እንደሚሟሟና መቼ እንደሚረጋ) እና የኤሌክትሮን ልውውጥን ያልያዘ ሰው ባክቴሪያውን ቢያሳድግ እንኳ ምን እንደሠራ ማስረዳት አይችልም። ለዚህ ምክር ከመቀመጤ በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ፣ ነዋሪዎቹ «ልብሳችንን ያዝገዋል» ካሉት ጉድጓድ ናሙና መጣልን። ጠርሙሱ ብረቱን ሟሙቶ የሚያቆየው አሲድ ሳይጨመርበት ሁለት ቀን በመኪና ተጉዞ ነበር፤ አጣርተን ለካነውና ብረቱ ከልክ በታች ነው ብለን ጻፍን። በመንገድ ላይ ሟሙቶ የነበረው ብረት አየር አግኝቶ ዝገት ሆኖ ከጠርሙሱ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እኛም አጣርተን የጣልነው ራሱን የምንፈልገውን ነገር ነበር። ነዋሪዎቹ ትክክል ነበሩ። በፋብሪካው የመጀመሪያዎቹ ወራት ናሙና መያዝን፣ የፒኤች መለኪያን በየዕለቱ ማስተካከልን፣ ባይካርቦኔትን በቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ አሲድ ጠብ እያደረጉ) መለካትንና የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ አጠቃቀምን እንድትማሪ የምፈልገው ስለዚህ ነው። የምትለኪው ቁጥር የድርጅቱ ንብረት መሆኑን ግን አትርሺ፤ ለጥናት ልትጠቀሚበት ካሰብሽ አስቀድመሽ በጽሑፍ አስፈቅጂ።

ሁለተኛ ዲግሪው አይቀርም፤ የሚዘገየው ለሁለት ዓመት ገደማ ነው። ይህ ቆይታ ባዶ አይደለም፤ የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት የሆነው ዳአድ ከልማት ጋር ለተያያዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች የሚሰጠው ኢፖስ የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል በመደበኛው ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በአገር ውስጥ የምትማሪ ከሆነ ከትምህርት ክፍሉ ስም ይልቅ አማካሪሽን ምረጪ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማይክሮባዮሎጂው በኩል ብትገቢ ከምድር ሳይንስ፣ በከተማሽ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብትገቢ ከጂኦሎጂው ክፍል ሁለተኛ አማካሪ እንዲሰጥሽ ከመመዝገብሽ በፊት ተነጋገሪ። መሣሪያዎቹ በእርግጥ የሚሠሩ መሆናቸውንም ከመምህራኑ ሳይሆን ከተማሪዎቹ ጠይቂ።

እስከዚያው ድረስ ስለ ዳሎል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡትን ሁለት ተቃራኒ ጥናቶች ጎን ለጎን አንብቢ። አንዱ ቡድን በዚያ ፍል አሲድና ጨው አካባቢ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ፤ ሌላው በኩሬዎቹ ውስጥ ሕይወት እንደሌለ፣ ሴል የሚመስሉት አንዳንዶቹም ሲሊካ ያለባቸው የማዕድን እንክብሎች መሆናቸውን ጻፈ። እንዲህ ያለው ክርክር በምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚካሄድ ከገባሽ፣ የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ ስትመርጪ ይረዳሻል።

ሲውን በተመለከተ፣ ዛሬ ማታ ከማንቆርቆሪያው ቅርፊት ጥቂት ፍቀሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። የሚወጣውን አረፋ የሚያስረዳውን የኬሚካል ቀመር ደብተር ሳትገልጪ መጻፍ ከቻልሽ ውጤትሽ ያስጨነቀሽ ያለ ምክንያት ነው፤ ካልቻልሽ የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ መጽሐፍሽን ከዚያው ገጽ ጀምሪና ሥራ እስክትገቢ ድረስ የመሟሟት ሚዛን የሚለውን ምዕራፍ ጨርሺ።