ሞራ ወይስ የተጠበሰበት ዘይት? መጀመሪያ የአሳማውን ዕድሜ ንገረኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከሥጋ ቤት የበሬ ሞራ በነጻ ታገኛለህ። ከምግብ ቤት ደግሞ የተጠበሰበት ዘይት በጀሪካን ይሰጡሃል። የቱን ከመኖ ጋር ልቀላቅል ነው ያልከው። ጡት የጣሉት ግልገሎችህ ሞራ በልተው ለምን እንዳስቀመጣቸውም ጠይቀሃል።

ቢሾፍቱ አካባቢ አሳማ ማርባት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ያንተን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ጡት በጣሉ በሳምንታቸው ሞራ አቅልጬ መኗቸው ላይ አፈሰስኩ። ስብ ከእህል እጥፍ በላይ ጉልበት አለው ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነትም አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስታርች 4 ነው የሚሰጠው። በሦስተኛው ቀን ዓይነ ምድራቸው ግራጫ ሆኖ እንደ ሳሙና ማንሸራተት ጀመረ። እንደ ሳሙና ያልኩት በከንቱ አይደለም። ሞራው ሲፈጭ የሚወጣው የስብ አሲድ ሳይመጠጥ ሲቀር አንጀት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። ስቡም ካልሲየሙም ተያይዘው ይወጣሉ።

የእናት ወተትስ ስብ አይደለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ነው፤ ከ7 እስከ 8 በመቶ ስብ አለው፣ ግልገሉም ጥርግ አድርጎ ይፈጨዋል። ግን የወተት ስብ ደቅቆ ወተቱ ውስጥ የተበተነ ነው። መኖ ላይ የፈሰሰ ሞራ እንደዚያ አይደለም። በዚያ ላይ ግልገሉ ጡት ሲጥል ከቆሽት የሚመነጨው ስብ ፈጪ ኢንዛይም ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ይቀንሳል። በነዚህ ቀናት ስብ አትጨምርላቸው። የኮኮናት ዘይት ይቀላቸዋል፣ ግን በዛሬ ዋጋ ማን ይደፍራል!

ትልልቆቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። የአሳማ የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው። የበሬ ሞራ ደግሞ በደንብ የሚቀልጠው ከ40 በላይ ነው። ዘይት ሆድ ውስጥም ፈሳሽ ስለሆነ ሐሞት በቀላሉ ይበታትነዋል። ሞራ ብቻውን ሲሆን ይለግማል። ዘይት ሲቀላቀልበት ግን ራሱ ሞራው የተሻለ ይመጠጣል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን አትምረጥ፣ ቀላቅላቸው። እኔ ግማሽ በግማሽ አድርጌ ለ100 ኪሎ መኖ ከ3 ኪሎ አላሳልፍም። ስብ የበዛበት መኖ ቶሎ ያጠግባቸዋል፤ ፕሮቲኑን አብረህ ካላሳደግህ ጮማ ብቻ ነው የምታረባው።

ዘይቱን አሽትተህ ተቀበል። የጠቆረና አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነ መልሰው፤ የምግብ ፍላጎታቸውን ይዘጋዋል፣ ቫይታሚን ኢ ያጠፋል። የምግብ ትርፍራፊ ካለበት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ እንዳይቀምሱት። በትርፍራፊ የሚተላለፈው የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት መድኃኒት የለውም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ ጣጣው ልምጣ። ዘይት እንዲህ የሚፈጭ ከሆነ ብዬ አንድ ሰሞን ዘይቱንም የኑግ ፋጉሎውንም አበዛሁ። አሳማዎቹ አማረባቸው። ቋሊማ የሚሠራ ደንበኛዬ ግን ሥጋውን መለሰልኝ። ስቡ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ እንኳ አልጠነከረም፣ ቢላ ላይ ይለጠፋል። በሬ ቢሆን ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አብዛኛውን ዘይት ወደ ጠንካራ ስብ ይለውጡለታል። አሳማ እንደዚያ ያለ ሆድ የለውም። የበላውን ዘይት እንዳለ ወስዶ ጀርባው ላይ ያስቀምጠዋል። የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ከዚህ የለሰለሰ ስብ የት ይገኛል?

ከዚያ ወዲህ ከመታረዳቸው ስድስት ሳምንት ቀድሜ ዘይቱን አቆማለሁ፣ ፋጉሎውንም እቀንሳለሁ። ስብ ካስፈለገ ያኔ ሞራ እሰጣለሁ። ጥቂቱ ሳይፈጭ ቢወጣም ሥጋው ጠንከር ይላል፣ ደንበኛዬም አይኮሳተርብኝም።

ፉርሽካህ ስንት እጅ እንደሆነ አልጻፍክም። ፉርሽካ ሲበዛ ስቡን ሳይፈጭ ይዞት ይወጣል። ከመኖው ግማሽ በላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀንስ፣ የሞራውን ነገር ከዚያ በኋላ እናወራለን።