መልስ፦ በሪሞት የምትበረውን የፎም ጄት ሞዴል ፋን ስለመቀየር

ወንድሜ፣ «የ64 ሚሊሜትር ፋኔ ብሌዱ ተሰበረ፣ በ70 ልቀይረው?» ላልከው፣ ባይሆን ይሻላል። ፋኑ የሚገባበትን ቱቦ ልትቆርጥ ነው፤ ፎሙ ይሳሳል። ያው 64 ግዛ። የሞተሩ ኬቪ (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ለባትሪህ ሴል ብዛት የሚስማማ መሆኑን፣ ስፒድ ኮንትሮለሩም (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል) ሞተሩ የሚስበውን አምፔር መቻሉን እይ።

«የማበረው ሰንዳፋ ነው» ብለሃል። እዚያ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ሻጩ የጻፈልህን ግፊት አታገኝም፤ መንደርደሪያህን አስረዝም።

ዋናው ጣጣ አገጣጠሙ ላይ ነው። ባትሪ ሳትሰካ ፋኑን በጣትህ ቀስ ብለህ አዙር። አንድ ቦታ ጫር ካደረገ ብሎኖቹን አላላና ዙሪያው እኩል ክፍተት እስኪኖረው አስተካክል። ነፋሱ በፊት በኩል ከወጣ አትደንግጥ፣ ከሦስቱ የሞተር ገመዶች ሁለቱን አቀያይር። ስትሞክር ግን ፊትህን ከአየር መግቢያው አርቅ፤ የሹራብህ ገመድም አይንጠልጠል፣ ስቦ ይወስደዋል።